ሞራ ገላጭ

ግሪሊ ከተማ፣ ኮሎራዶ ሜዳ፣
ነፋስ ዞሮ ሲነፍስ ከብት ይሸታል ጓዳ።
ስምንት ሰዓት ቆሜ በሥጋው መስመር ላይ፣
ሞራን ከጎድኑ በቢላ ስለይ፣
ጣቴ በጓንት ውስጥ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ፣
ርቦኝ እገባለሁ፤ ሥጋ ግን አልሻም፤
ቀን ሙሉ ያቀፍኩት ማታ አያምረኝም።

ሐኪሜም ነገረኝ ወረቀት ገልብጦ፣
ቁጥሬን በቀይ ብዕር ከብቦ፣ አስጊጦ፦
«ስቡን አንተ ተወው ልብህ ሳይተውህ፣
ወፍረሃል አልልም፤ ወፍሯል ግን ደምህ።»
ለድሮ ሞራ ገላጭ በግ ይታረድ ነበር፤
ይኸኛው ከክንዴ ቀድቶ ነው የሚናገር።

ከጎኔ ምትቆመው ኤውላሊያ ናት፤
ስትስቅ የሚመጣ ማስነጠስ አለባት።
ዳምጠው ማለት ከብዷት «ዳሚቶ» ትላለች፣
ባሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ታበስላለች —
እሳት የለ፣ ድስት የለ፣ በባዶ እጇ ብቻ፣
መዳፏ መክተፊያ፣ ክርኗ መፍጫ።

«ጥቁር ቦሎቄውን ከጣሳው ገልብጠው፣ እጠበው፣
ግማሹን በሹካ ጨፍልቅ፣ ግማሹን እንዳለ ተወው።
ቀሚስ የለበሰ አረንጓዴ ቲማቲም ታውቃለህ?
ቀሚሱን አውልቀህ ከቃሪያ ጋር
በደረቅ መጥበሻ እስኪጠቁር አሳረው፤
ፍጨው፣ ሎሚ ጭመቅበት፣ የድንብላል ቅጠል በትንበት።
የበቆሎ ቶርቲያውን መጥበሻ አታሳየው፣
እሳቱ ራሱ ላይ ጣለው፤
ሆዱን ሲነፋ ገልብጥ።
ሁለተኛ እስኪነፋ ከጠበቅህ ግን፣ ተቃጠለ በል።»

ቁልቋልም አስተማረችኝ፣ እሾሁ ተላጭቶ
ገበያ ሚሸጠውን፣ በላስቲክ ተሞልቶ።
እኛ የምናጥርበትን እነሱ ይበሉታል፤
አንድ ማታ አጥር በላሁ።
ያሟልጫል እንጂ ይጣፍጣል።

ብቻ የሷ ትምህርት አንድ ማሰሪያ አለው፤
ምኑንም ብትጀምር መጨረሻው ያው ነው፦
«ከዚያ አንድ ማንኪያ ማንቴካ።»
ማንቴካ የአሳማ ሞራ ነው፤
ሐኪሙም ቄሱም ባንድ ድምፅ የከለከሉኝ።
«ያለሱ ቦሎቄ ጠጠር ነው» ትላለች ፊቷን ኮስተር አርጋ።

የዚያን ለት መምህር ሆንኩ። ጓንቴን አወለቅሁ።
«ሽንኩርት ክተፊ» አልኳት፣ «ሦስት፣ አራት፣ ብዙ፣ ደቃቅ።
ድስቱ ደረቅ ይሁን። ዘይት የለ፣ ምንም የለ።
አማስዪ። ሊይዝ ሲል ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጊ።
ደግሞ አማስዪ። ሽንኩርት ሞኝ አይደለም፣
ችላ ካላልሽው በገዛ ላቡ ይበስላል።
ሲቀላ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን።
ከዚያ ቦሎቄሽን።»
ሳቀች። አስነጠሰች።
«ውሃ? ሽንኩርት ላይ ውሃ?»
ደወሉ ጮኸ፤ ወደየቢላችን ተመለስን።

ማክሰኞ ነው የነገረችኝ፣ በማሽኑ ጫጫታ መሀል
ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፦
ባሏ ሬፉሂዮ፣ አምና ልቡ ውስጥ ሽቦ የገባለት፣
ሁለት ጊዜ ቀምሶ ማንኪያውን አስቀመጠ፤
ተነሣ፣ ድስቱን ከፈተ፣ አሸተተ፣
አንዷን ፍሬ በመብራት አያት፣
«እዚህ ውስጥ ሞራ የለም» አለ።
እነሆ ሌላ ሞራ ገላጭ፣ የሌለውን የሚያነብ!
«ከዚያስ?» አልኳት።
«ከዚያማ ‹የለቅሶ ቤት ምግብ ነው› እያለ
ደገመው፤ ሳህኑን በቶርቲያ ወለወለው።»

ዛሬ ከሥራ ስወጣ በረዶ ጥሏል፤
እግሬ እስኪሞቅ ድረስ ድስቱም ይደርሳል፣
ሃያ ደቂቃ ነው፣ እሱም ተርፎኝ ያውቃል።
ሽንኩርቱ አልቦታል፣ መስኮቱ ጉም ለብሷል፣
ቶርቲያው እሳቱ ላይ ሆዱን መንፋት ይዟል።
አንዴ ገለበጥኩት። ስልኬ ጮኸ። ኤውላሊያ ናት፦
«ዳሚቶ፣ ውሃው ስንት ጠብታ ነበር?
ቶሎ በል፣ እየያዘብኝ ነው!»
ልመልስላት አፌን ስከፍት
ቶርቲያዬ ሁለተኛ ተነፋ።